የመተግበሪያ አስተዋዋቂ የሥራውን አሠራር ሊያውቅ ይገባዋል

ዐዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን ከመጐሰሙ አስቀድሞ የዐዋጁን ቃል ጠንቅቆ ማወቅ እንዳለበት ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ ግን ነጋሪቱ የእጅ ስልክ፥ ዐዋጁም የንግድ ቤት ወይም የመሥሪያ ቤት መተግበሪያ በሆነበት ጊዜ፥ የሚያስነግረው ሰው ስለ ነገሩ አሠራር አንዳች ሳይጠይቅ ብዙ ተስፋ ሲሰጥ ይሰማል። «ኮድ መጻፍ የመሐንዲሶች ነው፤ የእኔ ሥራ ማስተዋወቅ ነው» የሚለው አነጋገር ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። ነገር ግን ተስፋውን የሚሰጠው አስተዋዋቂው ሆኖ ሳለ፥ ተስፋው በፈረሰ ጊዜ የሚታማው መሥሪያ ቤቱ በመሆኑ፥ ጉዳዩን በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ላይ ያሉት ዘመናውያን ስልኮች ከጥቂቶቹ በቀር በሁለት ሥርዓት የሚሠሩ ናቸው፤ አንደኛው የጉግል አንድሮይድ፥ ሁለተኛው የአፕል አይኦኤስ ነው። ሁለቱም የመተግበሪያ መደብራቸውን የከፈቱት በ2008 ሲሆን፥ በዚህ ጽሕፈት የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። የአንድሮይድ ሥራ በጃቫ ወይም በኮትሊን፥ የአይኦኤስ ሥራ ደግሞ በኦብጀክቲቭ ሲ ወይም በስዊፍት ቋንቋ ስለሚጻፍ፥ ሁለቱን ዓይነት ደንበኛ ለማግኘት የፈለገ ሰው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ማሠራት፥ ባለሙያም በሁለት ወገን መቅጠር ነበረበት። ይህንን ድካምና ወጪ ለማቃለል ሲባል፥ አንድ ጊዜ በተጻፈ ኮድ ለሁለቱም ሥርዓት የሚሆን መተግበሪያ የሚያወጡ መሣሪያዎች ተሠሩ። ፌስቡክ ሪአክት ኔቲቭ የተባለውን በ2015 ለሁሉ ገልጦ ሰጠ፤ ጉግልም ዳርት በሚባል ቋንቋ የሚጻፈውን ፍላተርን በ2018 መጨረሻ በጸና እትም አወጣ።

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። የቤተ ልሔምና የአጫብር ቤት ድጓው አንድ ሆኖ ሳለ ዜማው በየቤቱ እንደሚለይ ያውቃሉና። እንዲሁም ኮዱ አንድ ቢሆን፥ መተግበሪያው በአንድሮይድ ቤትና በአፕል ቤት የሚያድረው በየቤቱ ሥርዓት ነው። አስተዋዋቂው ይወቅ የምንለው ይህን ልዩነት ነው እንጂ፥ ዳርት መጻፍ ይማር ማለታችን አይደለም።

የስሕተቱ ሁሉ ምንጭ «አንድ ኮድ» የሚለውን ቃል «አንድ ወጪ፥ አንድ ቀን፥ አንድ ውጤት» ብሎ መተርጐም ነው። ፌስቡክን የሚያህል ኩባንያ እንኳ የስልክ መተግበሪያውን በድረ ገጽ ቋንቋ ላይ አስደግፎ ሲሠራ ቈይቶ፥ ፍጥነቱ ስላነሰ የአይፎኑን በ2012 ለአይፎን ብቻ በሚሆን ኮድ እንደ አዲስ አስጻፈው፤ የኩባንያው አለቃ ማርክ ዙከርበርግም በዚያው ዓመት በድረ ገጹ ቋንቋ ላይ ከመጠን በላይ መደገፋቸውን ከትልልቅ ስሕተቶቻቸው ቈጥሮ በአደባባይ ተናገረ። የእንግዳ ማረፊያ የሚያከራየው ኤርቢኤንቢም በ2016 ሪአክት ኔቲቭን ይዞ ከጀመረ በኋላ በ2018 ተወው፤ ሁለት የነበረው ሥራ አንድ ይሆናል ሲባል፥ አሮጌዎቹ ሁለቱ ሳይቀሩ አዲሱ ተጨምሮ ሦስት ሆኖበት ነበርና። ይህን ስንል መሣሪያዎቹን መንቀፋችን አይደለም። መኪና ሠሪው ቢኤምደብሊው የደንበኞቹን መተግበሪያ በ2020 በፍላተር አሠርቶ ለሁለቱም ስልክ አውጥቷል። ልዩነቱ ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ በማወቁ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ አንዱን ነገር ጠለቅ ብለን እንመልከት፤ ይኸውም የዘመን አቈጣጠር ነው። የአፕል ሥርዓት የኢትዮጵያን አቈጣጠር በውስጡ ይዟል፤ አንድሮይድም በ2016 ከወጣው ከሰባተኛው እትም ጀምሮ ይዟል። ፍላተር የሚጻፍበት ዳርት ግን በራሱ የሚያውቀው የግሪጎርዮስን አቈጣጠር ብቻ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ቤት ለየብቻው ያለው ዕቃ በጋራው ቤት ሳይገኝ ቀረ ማለት ነው። በሌላ ሰው የተሠራ ተጨማሪ ኮድ ማስገባት፥ ወይም ራስን ችሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ይህ ጊዜና ምርመራ ይፈልጋል። ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት የምትሆንበትን ያልመረመረ ሥራ ከዓመት እስከ ዓመት ደኅና መስሎ ቈይቶ፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ያሳፍራል። ስለዚህ «የአጽዋማትና የበዓላት ማስታወሻ ለመስከረም 1 ይደርሳል» ብሎ ማስታወቂያ የሚያሳትም ሰው፥ ይህን አንድ ጥያቄ ለመሐንዲሱ ሳያቀርብ ወረቀቱን ወደ ማተሚያ ቤት ባይልክ ይሻለዋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን «በማናቸውም ስልክ ይሠራል» የሚለው ቃል ነው። መሐንዲሱ «ለሁሉም ይሆናል» ሲል ለአንድሮይድና ለአይኦኤስ ማለቱ ነው፤ አስተዋዋቂው ግን ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ለሕዝብ ያነበዋል። ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ የያዘው ባላገር ይህን ሰምቶ፥ የእርሻ ጊዜውን ትቶ ከተማ ድረስ መጥቶ ቢጠይቅ፥ ስልኩ እንደማይሆን ይነገረዋል። በ2021 የተጀመረው ቴሌብር ከመተግበሪያው ሌላ በኮከብ 127 መሰላል ጭምር እንዲሠራ መደረጉ፥ እንዲህ ያለው ሰው ከአገልግሎቱ ውጭ እንዳይቀር ነው። አንድ ኮድ ለሁለት ሥርዓት በቃ ማለት ለሕዝቡ ሁሉ በቃ ማለት እንዳልሆነ የሚያውቅ አስተዋዋቂ፥ ማስታወቂያውን ሲጽፍ ለማን እንደሚናገር ለይቶ ይጽፋል፤ ለአለቃውም «ለተራ ስልክ ምን አዘጋጅተናል?» ብሎ ይጠይቃል። በመንግሥት ገንዘብ ለሚሠራ ሥራ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም።

የቁጥር ነገርም አለ። አፕል ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ፥ ማናቸውም መተግበሪያ ባለቤቱን በሌሎች ኩባንያዎች መተግበሪያና ድረ ገጽ ሁሉ ለመከታተል የፈለገ እንደ ሆነ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ አስገድዷል። አንድሮይድ በዚያው መልክ አያስጠይቅም። በመሆኑም ከአንድ ኮድ የወጣው መተግበሪያ በሁለቱ ቤት የተለያየ የደንበኛ ቁጥር ያሳያል። ይህን ያላወቀ ሰው የአይፎኑን ቁጥር አነስተኛነት አይቶ «ማስታወቂያው አልሠራም» በማለት በጀቱን ይቈርጣል፤ የጐደለው ግን ደንበኛው ሳይሆን ቈጠራው ሊሆን ይችላል።

ስለ ቀኑ ብዙ አንልም። አዲስ እትም በየመደብሩ ሳይመረመር ለሕዝብ አይደርስም፤ አፕል የመለሰውን ጉግል ሊያሳልፈው፥ ጉግል የመለሰውንም አፕል ሊያሳልፈው ይችላል። የመመረቂያው ቀን ተቈርጦ፥ እንግዳ ተጠርቶ፥ ድንኳን ከተተከለ በኋላ ይህን መስማት ምን እንደሚመስል ሹማምንቱ ራሳቸው ያውቁታል።

እንግዲህ እኛ የምንመክረው ይህ ነው፤ የማስታወቂያ ክፍል ኀላፊ ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ ከሚጠራ፥ ውሉ ሲዘጋጅ ከመሐንዲሶቹ ጋራ ይቀመጥ፤ የትኛው መሣሪያ እንደ ተመረጠና ስለ ምን እንደ ተመረጠ ይስማ፤ ያልገባውንም ሳያፍር ይጠይቅ። ኮዱ አንድ ቢሆንም የመደብሩ ደጅ ሁለት ነውና፥ በየደጁ የሚለጠፈውን ጽሕፈት የሚጽፈው እርሱ ነው። በሁለቱም መደብር ለስም የተፈቀደው 30 ፊደል ብቻ ነው፤ ከስሙ በታች አፕል ሌላ 30፥ ጉግል ደግሞ ለአጭር መግለጫ 80 ፊደል ይሰጣሉ። በላቲን ሁለትና ሦስት ሆኖ የሚጻፈውን እኛ በአንድ ፊደል ስለምንጽፈው፥ ሠላሳው ቦታ ለአማርኛ ሰፊ ነው። ይሁን እንጂ «ቁጥር አንድ» እና «ምርጥ» በሚሉ ቃላት ሊሞላው ያሰበ ካለ፥ ጉግል በ2021 ባወጣው ደንብ እንዲህ ያሉትን ቃላት ከመተግበሪያ ስም ላይ መከልከሉን ይወቅ።