«ባክቴሪያው ይበላዋል» የሚሉት ጽዳት

የነዳጅ ማደያ ታንከር መሬት ውስጥ ዝጎ ሲያፈስ አፈሩን ማን ያጽዳው ለሚለው ጥያቄ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሥር የሰደደው መልስ «ባክቴሪያው ይበላዋል፤ ጊዜ ስጡት» የሚል ነው። መነሻው የሎውረንስ ሊቨርሞር ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ነዳጅ ውስጥ ያለው ካንሰር አምጪ ውህድ፣ ቤንዝን፣ ከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ቢገባም አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ ሳይሄድ እንደሚቆም አገኙ። ግኝቱ ትክክል ነው፤ የአፈር ባክቴሪያ ኦክስጅን ካገኘ ቤንዝንን ይመገበዋል። የግዛቲቱ የውሃ ሀብት ቦርድ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ አደጋቸው ዝቅተኛ ነው በተባሉ ቦታዎች ጽዳቱ ቀርቶ ክትትል እንዲበቃ መከረ። ተቃውሞዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ አንድ ውህድ የተነገረው ስለ ነዳጅ ሁሉ እንደተነገረ ተቆጠረ።

በዚያን ጊዜ በሚሸጠው ነዳጅ ውስጥ ኤምቲቢኢ ነበረበት፤ የመኪና ጭስ እንዲቀንስ ተብሎ የሚጨመር ነው። በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፣ ባክቴሪያ እንደ ቤንዝን ቶሎ አይደፍረውም፣ ስለዚህ ቤንዝን የቆመበትን አልፎ ይሄዳል። በ1996 የሳንታ ሞኒካ ከተማ ጉድጓዶቿን ዘግታ የመጠጥ ውሃዋን ግማሽ ያህል አጣች። ይህን ብክለት የቦርዱ ምክር አላመጣውም፣ ከዚያ በፊት የፈሰሰ ነው፤ ነገር ግን ምክሩ ምን እንዳላየ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም። «ኤምቲቢኢ እኮ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ታግዷል» ይባላል። እውነት ነው። ቦታውን የያዘው ኤታኖል ነው፤ ባክቴሪያው ደግሞ ኤታኖልን ስለሚያስቀድም በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን እሱ ላይ ይጨርሰዋል፣ ቤንዝኑም ሳይነካ ይቆያል፣ ርቆም ይሄዳል። የ1995ቱ ልኬት የተወሰደው ከዚህ ነዳጅ አይደለም።

ሌላው መከራከሪያ ወጪ ነው፤ አፈሩን ቆፍሮ በገልባጭ መኪና ማጓጓዝ ውድ ነው፣ ብክለቱንም ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ቦታ ከማዛወር አያልፍም ይላሉ። በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም ቆፍሮ በመጫንና እጅን አጣጥፎ በመቀመጥ መካከል ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። አየር በሚያሳልፍ አፈር ላይ ጠባብ ጉድጓዶች አስቆፍሮ ትነቱን በፓምፕ መምጠጥ ይቻላል፤ በወጣው ፈንታ የሚገባው ንጹሕ አየርም ለባክቴሪያው የጎደለውን ኦክስጅን ያመጣለታል። ተፈጥሮን ማገዝ ማለት ይህ ነው። በ2012 የወጣው የግዛቲቱ መመሪያ ውሃው ላይ የሰፈፈውን ነዳጅ በተቻለ መጠን ማስወገድን ግዴታ ማድረጉ ደግ ነው፤ ግን «በተቻለ መጠን» የሚለውን ማን ይሰፍረዋል? የአንድ ማደያ መዝገብ ከመዘጋቱ በፊት ከዚያ ታንከር በየዘመኑ ምን ዓይነት ነዳጅ እንደተሸጠ፣ ከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደቀረ፣ ከአፈሩ የሚወጣው ትነት በላዩ ወዳለው ቤት መግባት አለመግባቱ በልኬት ይቅረብ። ይህ ያልቀረበበት መዝገብ ክፍት ይቆይ።