ከዩራኒየም ወደ ቡናና ግራር፦ የባቲ አካባቢ ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምን ያበረክታል?

የሕያዋን ናሙና ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይመችም። የተገነባባቸው ካርቦን፣ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን ቀላል አቶሞች በመሆናቸው ኤሌክትሮኖችን እምብዛም አይበትኑም፤ ሳይቀለም የታየ ስስ ቁራጭ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ለዚህ ችግር የተለመደው መፍትሔ ዩራኒል አሲቴት ነው። የአቶም ቁጥሩ 92 የሆነው ዩራኒየም ከፕሮቲንና ከኑክሊክ አሲድ ጋር ተጣብቆ ጥላ ይሰጣል። ነገር ግን መርዛማና ጨረር አመንጪ ነው፤ ፈቃድ፣ የተለየ ማከማቻና የዝቃጭ አወጋገድ ሥርዓት ይጠይቃል። በጀት የሞላለት ቤተ ሙከራ ሸክሙን ይችለዋል። ገና በመቋቋም ላይ ላለ ቤተ ሙከራ ግን ማቅለሚያው ራሱ የምርምር በር መዝጊያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን የኡሎንግ ሻይ ጭማቂ፣ በ2025 ደግሞ በኦስትሪያ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤስፕሬሶ ቡና ለምትክነት ተፈትነው አበረታች ውጤት ተገኝቷል። የግራዙን ሐሳብ ያመነጨው በተጠጣ ስኒ ላይ ደርቆ የሚቀረው ክብ እድፍ ነበር። (ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት አገር ሳይሆን ከግራዝ መምጣቱ ትንሽ ያስቆጫል።)

ይሁንና «ቡና» የመጠጥ ስም እንጂ የኬሚካል ስም አይደለም። የማቅለሙ ሥራ በተለይ የሚታሰበው ከክሎሮጀኒክ አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ ደግሞ ቡናው በተቆላ ቁጥር ይቀንሳል፤ በአረቢካም ከሮቡስታ ያነሰ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ቡና በዝና ብቻ ማቅለሚያ አይሆንም፤ ጥሬውና ለጋ ቁሉ ተለይተው መፈተን አለባቸው።

ባቲ እዚህ ላይ ትጠቅማለች። የባቲ ፍየል ቆዳ በገበያ በራሱ ስም የሚታወቅ ነው። ቆዳን የሚያለፋው የዕፅዋት ታኒን ፕሮቲንን አጥብቆ ይይዛል፤ ታኒክ አሲድም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፒ የቆየ አጋዥ ነው። ታኒን ያለው የግራር ልጥ በቆላው አለ፤ የፍየል ቲሹም ከሰኞ ገበያ አይጠፋም። ልጡን፣ ጥሬ ቡናውንና ዩራኒል አሲቴትን ከአንድ ፍየል በተወሰደ ቲሹ ላይ ጎን ለጎን መፈተን ከአንድ የማስተርስ ጥናት አቅም በላይ አይደለም።

«ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚለው ቃል ግን በጥንቃቄ ይነገር። የዕፅዋት ፌኖሎች ከባድ አቶም ስለሌላቸው በብዙ አሠራሮች የእርሳስ ሲትሬት ይከተላቸዋል፤ እርሳስም መርዝ ነው። የጥናቱ መደምደሚያ በምስሉ ጥራት ላይ የሚመሠረት ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በኔዘርላንድስ የቀረበው ኒዮዲሚየም አሲቴት ከውጭ ቢመጣም ይመረጣል። ለማስተማሪያና ለቅድመ ፍተሻ ግን ቡናና ልጥ ይበቃሉ፤ የቁላቱ ደረጃ፣ የፈሳሹ ጥግግትና የማጥለያው ዓይነት ተመዝግበው እስከቀረቡ ድረስ።