ልብን በጠመኔ

የፋሲካ ዋዜማ ማታ የእህቴ ልጅ ዶሮ ስትበልት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቢላዋውን አጥንት ላይ አታሳርፍም፤ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቷ ትፈልግና ጅማቱን ብቻ ትቆርጣለች፤ መላላጫው ሳይሰበር ይላቀቃል። ሐሞቱን ከጉበቱ ስትለይ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። "ምነው እንዲህ ተጠነቀቅሽ?" ስላት፣ "ከፈሰሰ ወጡ ይመራላ፣ አጎቴ!" አለችኝ። 12ቱን ብልት አውጥታ ስትጨርስ የባዮሎጂ ደብተሯን አሳየችኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ በእንግሊዝኛ የተገለበጠ ኖት ነው። ስለ "ጎል ብላደር" የሚናገረውን መስመር ሳትሳሳት አነበበችልኝ። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃት "የሰውነት ክፍል ነው፤ ፈተና ላይ ይመጣል" አለች። ደብተሩ የሚያወራው ከአምስት ደቂቃ በፊት በሁለት ጣቷ ይዛው ስለነበረው አረንጓዴ ከረጢት እንደሆነ አላወቀችም።

አላጠናችም ብሎ የሚወቅሳት አይጠፋም። ግን አጥንታለች፤ የተባለችውን አንድም ሳታስቀር ሸምድዳለች። ወቀሳው የሚገባው ለእኛ ነው። እኛ መምህራን፣ ርዕሳነ መምህራን፣ ፈተና አውጪዎችና ወላጆች፣ የሰውን አካል ማወቅ ማለት የክፍሎቹን ስም መዘርዘር ነው ብለን ተስማምተናል። ይህ ስምምነት ሐሰት ነው። ልጆቻችን ስለ ገዛ ሰውነታቸው ዓመታት ተምረው ምንም ሳያውቁ እንዲወጡ የሚያደርጋቸውም እሱ ነው።

ከዓመት ዓመት የሚደገመውን ክፍለ ጊዜ አስቡት። መምህሩ ልብን በቀይ ጠመኔ ይስላል፤ አራት ክፍል ያበጅለታል፤ ስም ይጽፋል። ተማሪው ይገለብጣል። ደወል ይደወላል። ፈተናው ላይ ያው ሥዕል ስሙ ተነቅሎ ይመጣል፤ ስሙን የመለሰ ልብን አወቀ ይባላል። "ደሙ በዚህ በኩል ብቻ የሚሄደው ለምንድን ነው?" ብሎ የጠየቀ ልጅ ካለ፣ "እሱ ወደፊት ይመጣል" ይባላል። የሚመጣው ግን የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፦ መሣሪያ የለም። እኔም ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይህንኑ እል ነበር። በአንዱ ትምህርት ቤት ግን መሣሪያው ነበረ። ሳንባው፣ ጉበቱ፣ አንጀቱ እየተነቀለ የሚወጣ፣ ከወገብ በላይ የሆነ የፕላስቲክ የሰው ሞዴል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሟል። የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈለትም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ የሚያወጣው መምህር ይፈርማል፤ አንድ ኩላሊት ቢጠፋ ከደመወዙ ይቆረጣል። ስለዚህ ማንም አያወጣውም። ቆጠራ ሲደርስ "አለ" ተብሎ ይመዘገባል። ሱፐርቪዥን የመጣ ቀን ብቻ አቧራው ተጠርጎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኔም ፈርሜ ለማውጣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም ይቆጨኛል። እጥረት እንዳለብን አልክድም። ነገር ግን ያለውን ከልጅ እጅ አርቆ የሚቆልፍ ሰው በእጥረት ማመካኘት አይችልም።

በአውሮፓም የአካል ትምህርት ለብዙ ዘመን እንዲህ ነበር። ፕሮፌሰሩ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጥንቱን ሐኪም የጋሌንን መጽሐፍ ያነባል፤ ሬሳውን የሚከፍተው ከታች የቆመ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ተማሪው ዳር ሆኖ ያያል። በጋሌን ዘመን ሮም ውስጥ የሰው ሬሳ አይከፈትም ነበርና አብዛኛውን ነገር ያየው በጦጣና በአሳማ ላይ ነው። የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ። የልብን ግራና ቀኝ የሚለየው ግድግዳም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ደም በእነሱ ያልፋል አለ። ይህ ከ1,000 ዓመት በላይ ተነበበ። ከዚያ በፓዱዋ የሚያስተምረው አንድሪያስ ቬሳሊየስ ከወንበሩ ወርዶ ቢላዋውን ራሱ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1543፣ በ28 ዓመቱ ባሳተመው መጽሐፍ መንጋጋው አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ፤ ስለ ግድግዳው ቀዳዳም ጥርጣሬውን ገለጸ። ከእሱ በፊት የነበሩት መምህራን ከእሱ ያነሰ አላነበቡም። ችግራቸው መጽሐፉን ከአካሉ ጋር የሚያስተያይ እጅ ማጣታቸው ነበር። የእኛ ክፍል ዛሬም ከወንበሩ አልወረደም፤ ወንበሩን በጥቁር ሰሌዳ ቀየርነው እንጂ።

ከጠመኔ ሌላ መንገድ እንዳለ ያየሁት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። 62 ተማሪ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሉካንዳ የተገዙ ሦስት የበግ ልቦች ይዤ ገባሁ። ከመቁረጤ በፊት ጠየቅኳቸው፦ "የግራው ግድግዳ ነው የቀኙ የሚወፍረው?" ከሞላ ጎደል ሁሉም "እኩል ነው" አሉ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ሰሌዳ ላይ እኩል አድርጌ የሳልኩላቸው እኔ ነኝ። ልቡ ሲሰነጠቅ የግራው ግድግዳ አውራ ጣት አከለ፤ የቀኙ ስስ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዲት ልጅ "ታዲያ ለምን?" አለች። ይህን ጥያቄ ለዓመታት በኖት ላመጣው አልቻልኩም ነበር። ሌላው መለሰላት፦ የቀኙ ደም የሚልከው እዚሁ ጎረቤት ላለው ሳንባ ነው፤ የግራው ግን እስከ እግር ጣት ድረስ መግፋት አለበት። ቀጥለን በአንደኛው ልብ ትልቁ የደም ቧንቧ ላይ ከላይ ውኃ ጨመርንበት። ውኃው ቆመ እንጂ ወደ ልቡ አልወረደም። ሦስት ስስ ክዳኖች ተገጣጥመው ዘግተውታል። "ቫልቭ" የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ማንም መሸምደድ አላስፈለገውም።

አዲስ ሥጋ ባይገኝ እንኳ ተማሪው ራሱ አካል ነው። የእጅ አንጓ ላይ የልብ ትርታን ለአንድ ደቂቃ መቁጠር፣ ሃያ ጊዜ ዘሎ እንደገና መቁጠር ሳንቲም አያስወጣም። ጀሪካን ውኃ ሞልቶ ሳፋ ውስጥ መድፋት፣ በጎማ ቱቦ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መንፋትና የወረደውን ውኃ መለካት የሳንባን መጠን ያሳያል፤ ቱቦው በየተማሪው ይታጠብ እንጂ። የዶሮ አጥንት አቼቶ ውስጥ ጥቂት ቀን ቢቆይ ካልሲየሙ ይወጣና እንደ ጎማ ይታጠፋል። ከተቆረጠ የዶሮ እግር ነጩን ጅማት ስበን ጣቶቹን ስናስጨብጥ ያላደገ ማን አለ? ያ ጨዋታ ጡንቻና ጅማት አጥንትን እንዴት እንደሚያንቀሳቅሱ የሚያሳይ ሙሉ ትምህርት ነው። ሰፈር ውስጥ ትተነው ወደ ክፍል ገባን።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከመካከላቸው ክብር የሚገባቸው አሉ። በጾም ሥጋ መንካት የሚከብደው ልጅ አለ፤ የሌላ እምነት ተከታይ ያረደውን መንካት የማይወድ ቤተሰብም አለ። ይህ በሳይንስ ስም የሚናቅ ነገር አይደለም። ቀኑን ከጾም ውጭ ማድረግ፣ ወላጅን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ያልፈለገውን ተማሪ በገዛ ትርታውና ትንፋሹ ላይ ማሠራት ይቻላል። ጤናም ጉዳይ ነው፤ ሥጋው በቄራ የተመረመረ ይሁን፤ እጅ በሳሙና፣ ጠረጴዛ በበረኪና ይታጠብ። ለትምህርት ብሎ እንስሳ ማረድም አያስፈልግም፤ ለገበታ የታረደው ይበቃል። ተማሪው ብዙ ነው ለሚሉትም የ62ቱ ክፍል መልስ ይሆናል፤ ሦስት ልብ በቂ ነበር።

"ለፈተና አይጠቅምም" የሚለውን ግን አልቀበለውም። ጠመኔና ኖት ለፈተና የሚጠቅሙ ቢሆኑ ኖሮ ውጤቱን ባየነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015ም 3.2 በመቶ። የዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በባዮሎጂ ክፍል ላይ አልጭንም። ግን ከውጤቱ በኋላ የሰጠነው መልስ ተጨማሪ ሽምደዳ፣ ተጨማሪ የጥያቄ ጥራዝ፣ ተጨማሪ ቱቶሪያል ነው። ያልሠራውን መድኃኒት መጠኑን ጨምሮ ማዘዝ ሕክምና አይደለም።

ቋንቋውም የዚሁ በሽታ አካል ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ አደረገ። እንግሊዝኛው ይቅር አልልም። ነገር ግን ልጅ ጣፊያን፣ ቆሽትን፣ ኩላሊትን በእጁ ይዞ በቤቱ ቋንቋ ከጠራ በኋላ የእንግሊዝኛውን ስም ቢጨምርበት ቃሉ የሚያርፍበት ነገር ያገኛል። እኛ የምንሰጠው ማረፊያ የሌለው ቃል ነው።

"ተግባር ተኮር" በሚል ስም ሌላ ግልበጣ እንዳናመጣም እፈራለሁ። አሁን በየትምህርት ቤቱ "ፕሮጀክት" ይታዘዛል፤ ወላጅ ገንዘብ ከፍሎ ከካርቶንና ከቀለም ያማረ ኩላሊት ያሠራል፤ ልጁ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ማርክ ይሞላለታል። እጁ አልሠራም፤ አእምሮውም አልጠየቀም። አስቀድሞ ያልገመተ፣ ባየውም ያልተገረመ ተማሪ ልብ ቢሰነጥቅ ሥጋ ከመክተፍ አያልፍም። ትምህርቱ ያለው በግምቱና በታየው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የትምህርት መሣሪያ ሲሰበር ከመምህር ደመወዝ መቁረጥ ይቅር፤ ተማሪ ሲማርበት የተሰበረ ሞዴል አገልግሎቱን ሰጥቷል። ፈተና አውጪዎች ስም መጠየቅ ይቀንሱና ምክንያት ይጠይቁ፤ "የግራው ግድግዳ ለምን ወፈረ?" የሚል አንድ ጥያቄ የሺህ መምህራንን አሠራር ይለውጣል። መምህሩም እነዚህን ሁሉ እስኪያገኝ አይጠብቅ።

እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሐኪም ሬኔ ላኔክ የልብ ሕመም ያለባትን ወጣት ሴት ሊመረምር ነበር። ጆሮውን ደረቷ ላይ ማስጠጋት ነውር ሆነበት። ያገኘውን ወረቀት ጠቅልሎ አንዱን ጫፍ በደረቷ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አደረገ፤ የልቧ ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቶት በማያውቀው ጥራት ተሰማው። የዛሬው የማዳመጫ መሣሪያ የተጀመረው ከዚያ ጥቅል ነው።

የእህቴ ልጅ ደብተር ያን ያህል ወረቀት አለው። በበዓሉ ማግስት ጠቅለል አድርጋ የታናሽ ወንድሟ ደረት ላይ እንድታደርገው ነገርኳት። ጆሮዋን አስጠግታ ቆየች። "ሁለት ድምፅ ነው ያለው" አለችኝ፣ "ዱብ ዱብ ይላል። ለምንድን ነው ሁለት የሆነው?" የሚዘጉት ክዳኖች ናቸው፤ በሁለት ተራ ይዘጋሉ። ይህን ወዲያው አልነገርኳትም። መጀመሪያ እንድትገምት ጠየቅኳት።