ስሙ የተለወጠ ኃጢአት

«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሦስት» የተባለው የኮምፒውተር የጦር ስልት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቶ በ2020 ታድሶ ሲቀርብ፣ አዘጋጆቹ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ከሆኑ አማካሪዎች ጋራ መክረው ኢሮኮይ ይሏቸው የነበሩትን ሆዴኖሾኒ፣ ሱ ይሏቸው የነበሩትን ላኮታ ብለው መጥራታቸው የሚያስመሰግን ነው፤ ሰው በገዛ ስሙ ሊጠራ ይገባዋልና። በዚያው ብዕር ግን «የቅኝ ግዛት ዘመን» የነበረውን «የንግድ ዘመን» ሲሉት፣ ሰፋሪ ሸንኮራና ትምባሆ የሚያለማበትንም የተክል እርሻ በለዘበ ቃል ሲሰይሙት፣ ይህንንም ብዙዎች ለታሪክ እንደ ተከፈለ ካሣ አድርገው ሲያወድሱት፣ እኔ አሜን ለማለት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

በነፍስ አባቱ ፊት የሚንበረከክ ተነሳሒ፣ ዝርፊያውን «ንግድ ነበረ» ብሎ ቢናዘዝ፣ ካህኑ ይፈቱታልን?

ጨዋታውን ልብ ብሎ ላየው፣ ወደ እርሻው የተላከው ሰፋሪ አያረጅም፣ አይታመምም፣ ጎንበስ ቀና ባለ ቍጥር ወርቁ በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ይቈጠራል። የካሪቢያን ሸንኮራና የቨርጂኒያ ትምባሆ ግን እንዲህ አልበቀለም፤ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጡ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ወደ አትላንቲክ ማዶ በመርከብ ተጭነዋል፣ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት በባሕር ላይ አልቀዋል። በደቡብ አሜሪካ ያለውን የፖቶሲንም ብር፣ እ.ኤ.አ. ከ1570ዎቹ ጀምሮ፣ በተራ እየተገደዱ ከጕድጓድ ያወጡት የአንዲስ ገበሬዎች ናቸው። እንግዲህ ባሪያን እንደ በሬ ገዝቶ የሚያሰልፍ አዝራር ይጨመር አልልም፤ ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነውር ይሆናል። የምነቅፈው፣ ያላሳዩትን መከራ ስሙን እንኳ ሽረው፣ ዝምታውን ትሕትና ማሰኘታቸውን ነው። «ጨዋታ አይደለምን?» የሚለኝም አይታጣም፤ ስሙን ለማረም ሲደክሙ ግን ጨዋታ ነው አላሉም።

እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያውያን ከሐውሳዎች ጋራ በዚሁ ጨዋታ ላይ በተጨመሩ ጊዜ፣ የእኛ ወጣቶች የአፄ ቴዎድሮስን መድፍ ሴባስቶፖልን ከመስኮቱ ውስጥ አይተው ደስ አላቸው፤ እኔም፣ አልክድም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን በዚህም የሰው ድካም ተሰውሯል፤ በጨዋታው መድፉ አዝራር ተጭኖ ጥቂት ለጠበቀ ከሕንፃው ወጥቶ ወደ ታዘዘበት ይሄዳል። በ1860 ዓ.ም. ግን ከጋፋት እስከ መቅደላ ጕዞው ወራት የፈጀው፣ ወታደሩ በጠፍር እየጎተተው፣ መንገዱ በገደል ላይ እየተቈረጠለት፣ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡለት ነበር።