በቃኝ የማያውቅ ጠባቂ

ብዙ ሰው በሽታን ከውጭ እንደሚመጣ ጠላት አድርጎ ያስበዋል። የልብ ደም ሥሮችን የሚያጠበው ሕመም ግን ከዚህ ይለያል፤ ጉዳቱን ከሚያባብሱት አንዱ ለጥበቃ የተሰጠን የገዛ ራሳችን ነጭ የደም ሕዋስ ነውና።

ይህ ሕዋስ ማክሮፋጅ ይባላል፤ በግሪክ ቋንቋ ታላቅ በላተኛ ማለት ነው። ሥራውም ወደ ሰውነት የገባውን ተሕዋስና የሞተውን ሕዋስ እየዋጠ ማጽዳት ነው።

ኮሌስትሮል የተባለው ቅባት በመጠኑ ሲሆን ለሕይወት ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ሲበዛ ግን ኤል ዲ ኤል በሚባሉት ጥቃቅን ተሸካሚዎቹ አማካይነት ወደ ደም ቅዳ ግድግዳ ሰርጎ ይቀመጣል። እዚያም ተሸካሚው ጠባዩን ይለውጣል፤ ማክሮፋጁም እንደ እድፍ ቆጥሮ ይውጠዋል።

ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ አኒችኮቭ በ1913 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል ቢመግብ ደም ሥሮቻቸው ታመሙ፤ በውስጣቸውም ቅባት የሞላባቸው ሕዋሳት ተገኙ። እነዚህ ሕዋሳት ስለ ምን ይህን ያህል እንደሚሞሉ ያስረዱት በ1979 አሜሪካውያኑ ሊቃውንት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። ሕዋሳት ኤል ዲ ኤልን የሚቀበሉበት በር አላቸው፤ የሚበቃቸውን ያህል ሲያገኙ በሩን ያጠባሉ። ማክሮፋጅ ግን ጠባዩ የተለወጠውን ኤል ዲ ኤል የሚያስገባበት ሌላ በር አለው፤ ይህም በር ሕዋሱ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳ አይዘጋም።

ከዚህም የተነሣ ሕዋሱ ያብጣል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ አረፋ ስለሚመስል አረፋማ ሕዋስ ተባለ። ሲሞትም የዋጠውን በዚያው ይዘረግፋል፤ ሊያጸዱ የሚመጡት ጓደኞቹም በተራቸው ይሞላሉ። እንዲህ እያለ በግድግዳው ውስጥ እብጠት ያድጋል። አንድ ቀን የእብጠቱ ሽፋን ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና መንገዱን ይዘጋል፤ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚመጣውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ለብዙ ዓመታት ያለ ስሜት ነው። በ1953 በኮሪያ ጦርነት የሞቱትን 300 የአሜሪካ ወታደሮች የመረመሩ ሐኪሞች፣ የሟቾቹ ዕድሜ በአማካይ 22 ዓመት ሆኖ ሳለ ከመቶው በ77ቱ የልብ ደም ሥር ላይ የሕመሙን ምልክት አግኝተዋል። ስለዚህ «እኔ ገና ወጣት ነኝ» ማለት አያድንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የጾም ምግባችን ኮሌስትሮል የለበትም፤ ኮሌስትሮል የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣው መብል ነውና። ነገር ግን ጉበትም ራሱ ይሠራዋል፤ ስለዚህ የጾመ ሁሉ ከሕመሙ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ጾሙ በተፈታ ጊዜም ቅቤና ጮማ ያለ ልክ ማብዛት መልካም አይደለም። ሲጋራን መተው፣ በእግር መሄድ፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን ማስመርመር ይገባል፤ በተለይም በቤተ ሰቡ ውስጥ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተያዘ ያለው ሰው ምርመራውን አያዘግይ።

ሐኪም መድኃኒት ያዘዘለትም ሰው ጠበል ስለ ተጠመቀ ወይም ሕመም ስላልተሰማው በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ። ባለ መድኃኒትን እንድናከብር መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና ጸሎቱንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ይያዝ። ያ ሕዋስ በቃኝ ማለት አልተሰጠውም፤ ለእኛ ግን ተሰጥቶናል።

እግዚአብሔር ቤታችሁን በጤና ይጠብቅ።