በመንግሥት መዝገብ ገና ዘጠኝ ዓመቴ ነው

ግንቦት 1999 እነዋሪ ቤታችን የሕዝብ ቆጣሪ ሲመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አያቴ የልጅ ቁጥር በአፏ መጥራት ስለማትወድ «እግዜር የሰጠን ያህል ነን» አለችው። እሱም ሳቅ ብሎ እናቴን ጠየቀና ጻፈን። ያ ወረቀት አገሪቱ ስለ እኔ ያላት የመጨረሻው ቆጠራ ነው። ዘንድሮ አድጌ፣ በኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ እኖራለሁ፤ በቆጠራው ግን አሁንም የጅሩ ጭቃ ላይ የምሯሯጥ ልጅ ነኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ ጭራሹኑ የለችም። 18 ዓመት ሞልቷታል፣ መምረጥ ትችላለች፣ ግን አልተቆጠረችም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። የምርጫ ክልሎች ወሰንም በዚያ ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ፣ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወሰናል። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ከ550 እንዳይበልጡ፣ ከነሱም ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን አዟል። ጥሩ ሕግ ነው። በተግባር ግን 547ቱ መቀመጫ ለክልሎች የተደለደለበት ሠንጠረዥ ከ1999ኙም ቆጠራ በፊት የተሠራ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ሃርድ ኮድ ተደርጓል። ዳታው ሲቀየር አብሮ አይቀየርም።

አንድ ማታ ከጅግጅጋ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቁጭ ብለን የ1999ኙን ውጤት ለመቀመጫዎቹ አካፈልነው። አሥር መስመር ፓይተን አልፈጀም። ሶማሌ ክልል 4.4 ሚሊዮን ሕዝብ፣ 23 መቀመጫ፤ አንድ ተወካይ ለ193 ሺህ ሰው። ትግራይ 4.3 ሚሊዮን ሕዝብ፣ 38 መቀመጫ፤ አንድ ተወካይ ለ114 ሺህ። ሕዝባቸው ተቀራራቢ፣ ልዩነቱ ግን 15 መቀመጫ! ኦሮሚያ በ178 መቀመጫ 152 ሺህ ላይ ነው። አማራ በ138 መቀመጫ 125 ሺህ። (ሐረሪና ቤንሻንጉል ጉሙዝ ከ100 ሺህ በታች ናቸው፤ ለአናሳዎች የተሰጠውን ጥበቃ ግን አልቃወምም፣ ሌላ ጉዳይ ነው።) በንጹሕ ስሌት ቢሆን ሶማሌ 33፣ ኦሮሚያ 200 ገደማ፣ አማራ 128 ገደማ ይደርሳቸው ነበር።

ባልደረባዬ ስክሪኑን አየት አድርጎ «እና አንተ ከእኔ አንድ ተኩል ታህላለህ ማለት ነው?» አለኝ። ምን ልበለው?

የኔን ወገን የማያስደስት ነገር እየጻፍኩ እንደሆነ አውቃለሁ። «የ1999ኙ ቆጠራ ራሱ አማራን አጉድሏል» የሚል መልስ ይመጣል። ልክ ነው፣ የክልሉ ሕዝብ ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ ሲገኝ ምክር ቤት ውስጥ ሳይቀር አነጋግሯል፤ እኔም ዕድገቱ በዓመት 1.7 በመቶ ብቻ ነው መባሉን ለማመን እቸገራለሁ። ግን ቆጠራው ከተበላሸ መፍትሔው መልሶ መቁጠር ነው እንጂ አሮጌውን ሠንጠረዥ አቅፎ መተኛት አይደለም። «ተበድያለሁ» የሚል ሰው ቁጠሩኝ ብሎ መጮህ አለበት። እኛ ግን የጎደሉብንን ሰዎች እያነሳን እናለቅሳለን፣ የተረፉልንን መቀመጫዎች ግን ትንፍሽ አንልም።

«ሰላም ሲሆን ይቆጠራል» የሚለው ሌላው ነው። በጦርነት መሀል ቆጣሪ ወደ ገጠር ላኩ አልልም፣ ሰው ይሞታል። ግን አራተኛው ቆጠራ መካሄድ የነበረበት በ2010 ነበር። ተራዘመ። ለቆጠራው ታብሌት ሳይቀር ተገዝቶ ሳለ፣ ሰኔ 2011 ላይ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው እንደገና አራዘሙት፤ ያኔ የትግራይ ጦርነት ገና አልጀመረም። በ2013ቱም ምርጫ ያው 547 መቀመጫ ነበር የቀረበው፣ የትግራይ 38ቱ ምርጫ ስላልተካሄደባቸው ባዶ ቀሩ።

ለምን ብዙ ሰው አልተቆጣም? በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱት። ሁሉም ወንበር የአንድ ወገን ከሆነ ወንበሩ የጅግጅጋ ይሁን የደብረ ብርሃን ማን ግድ ይለዋል? ድልድሉ ስህተት መሆኑ የሚታወቀው ፉክክር ሲመጣ ነው። ያኔ አሥር መቀመጫ መንግሥት ይመሠርታል፣ ያፈርሳል። ያን ቀን ቆጠራ ልጥራ የሚል መንግሥት ማንም አያምነውም።

አሜሪካኖችን ላደንቅ አልፈልግም። ፕሬዚዳንት የሚመርጡበት 538 ድምፅ፣ ለየግዛቱ በተወካዮቹ ቁጥር ላይ ሁለት ሴናተር ተደምሮ ስለሚከፋፈል ትንሿ ዋዮሚንግ ሳይገባት 3 ታገኛለች። ነገር ግን በየአሥር ዓመቱ ይቆጥራሉ፣ ቀመሩም አስቀድሞ በሕግ ተጽፏል። በ2020 በነሱ አቆጣጠር ኒውዮርክ 89 ሰው ብቻ አንሷት አንድ መቀመጫ አጣች። ተናደዱ፣ ወንበሩን ግን ለቀቁ። እኛ ጋ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ጎድሎ ወንበር ንቅንቅ አይልም።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከቆጠራው በፊት፣ ማን እንደሚያተርፍ ማንም ሳያውቅ፣ የማከፋፈያውን ቀመር በይፋ ያውጣ፤ ትርፍራፊው እንዴት እንደሚጠጋጋ ሳይቀር። ቆጠራው በየወረዳው ይታተም፣ እኔም የሞረትና ጅሩን ቁጥር ቤት ቁጭ ብዬ ላረጋግጥ። ከዚያ አማራ አሥር መቀመጫ ቢያጣ ይጣ።

ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «መጀመሪያ እህትህን ይጻፏት» አለ።