በዝናብ ውስጥ ስለሚዘፍኑ ሰዎች

በመኝታ ክፍላችን የሙዚቃ ፊልም በተከፈተ ቁጥር የሚሰማው ክስ አንድ ዓይነት ነው። «ሰውየው ደኅና ሲያወራ ቆይቶ ምን ነክቶት ነው መንገድ ላይ የሚዘፍነው? ኦርኬስትራውስ ከየት መጣ?» ይባላል። ከሳሾቹ ወዳጆቼ ስለ ሆኑ ላስቀይማቸው አልፈልግም። ነገር ግን ተከሳሹ ፊልም አፍ አውጥቶ በአማርኛ ሊከራከር አይችልምና ጥብቅናውን እኔ ይዤለታለሁ። (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

ለክሱ መልስ ፍለጋ ሆሊዉድ ድረስ መሄድ አያሻም፤ ላፍቶ ይበቃል። በሠርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ የጤፍን ዋጋ ሲያማርሩ ቆይተው ድንገት ከወንበራቸው ተነሥተው ይፎክራሉ። ከዘራቸው ጦር ይሆናል፤ ጋቢያቸው ይወድቃል። «እኒህ ሰው ምን ነካቸው?» የሚል የለም፤ እልል ይባላል እንጂ። በለቅሶ ቤትም አልቃሿ የሟቹን ሕይወት በግጥም ታወርደዋለች፤ ያንኑ በተራ ወሬ ብትነግረን እንባ ባልመጣም ነበር። ንግግር አልበቃ ሲል ዜማ ይመጣል፤ ዜማውም አልበቃ ሲል ትከሻ ይነሣል። የሙዚቃ ፊልም የሚሠራበት ደንብ ይኸው ስለ ሆነ፣ «ሰው እንዲህ አያደርግም» የሚለው ቃል ከአገሬ ልጅ አፍ ሲወጣ ይደንቀኛል።

ወላጆቻችን ይህን ጥያቄ አልጠየቁም። የአዲስ አበባ ሰው ሲኒማ ቤትን መጀመሪያ ሲያይ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ኋላ ግን እዚያው ሰይጣን ቤት ገብቶ አለቀሰ! የመህቡብ ካንን «ማዘር ኢንዲያ» (1957) ስሙን ስትጠሩባቸው ዛሬም የሚተክዙ እናቶች በየሰፈሩ አሉ። አክስቴ ሕንድኛ አንዲት ቃል አታውቅም፤ ዜማውን ግን ሽንኩርት ስትከትፍ ታንጎራጕራለች፤ እንባዋም የሽንኩርቱ ብቻ አይመስለኝም።

ከበድ ያለው ክስ ሌላ ነው። «አገር በችግር ላይ ሳለች፣ ተመራቂው ሥራ ፍለጋ ጫማውን ሲጨርስ፣ ይህ ሁሉ ጭፈራ ማደንዘዣ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። እነዚህን ወንድሞች በ1933 የወጣውን «ጎልድ ዲገርስ ኦፍ 1933»ን እንዲያዩ እጋብዛቸዋለሁ። አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1932፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘማቾች ቃል የተገባላቸውን ገንዘብ ለመጠየቅ ዋሽንግተን ሰፍረው ነበርና የገዛ አገራቸው ጦር ከሰፈራቸው አባረራቸው። ፊልሙ ሲጀምር ልጃገረዶች የገንዘብ ሳንቲም ለብሰው ስለ ሀብት ይዘፍናሉ፤ ዘፈኑ ሳያልቅ አበዳሪዎች ደርሰው ትርዒቱን ያዘጉታል። ሲያልቅም በሠርግና በመሳሳም አያልቅም። በበዝቢ በርክሊ ጭፈራ ውስጥ ወታደሮች በሰልፍ ይዘምታሉ፣ ቆስለው ይመለሳሉ፣ ከዚያም ለዳቦ ይሰለፋሉ። እኔ ከዚህ የበለጠ ቍጣ የያዘ ሰልፍ በፊልም አላየሁም።

«ዌስት ሳይድ ስቶሪ»ም (1961) እንዲሁ ነው። የወጣቶቹ ጭፈራ በከፊል የተቀረጸው በኒውዮርክ ሊፈርሱ በተወሰነባቸው ሕንፃዎች መካከል ነበር፤ ዛሬ በዚያ አካባቢ የቆመው ሊንከን ሴንተር የሚባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ ይህ ፊልም ትዝ አለኝ። የእነዚያ የኒውዮርክ ድሆች ግድግዳና ደረጃ፣ ልጆች ሲዘሉበት እንደ ነበረ፣ ዛሬም ይታያል። ዶሮ ማነቂያን እንዲህ አድርጎ በሙሉ ፊልም ያስጨፈረልን ማን ነው?

ደግሞም ይህን ጥበብ የምወድበት ሌላ ምክንያት አለኝ፤ ስለ ራሱ ውሸት ይናገራል። «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» (1952) ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ጂን ኬሊ ከነዣንጥላው በዝናብ ሲጨፍር ነው። (ያንን ሲቀርጹ ትኩሳት ይዞት ነበር፤ እኛ በጉንፋን ክፍል የምንቀር ሰዎች እናስብበት።) የፊልሙ ነገር ግን ሌላ ነው። ድምፅ አልባው ሲኒማ ድምፅ ሲያወጣ፣ መልኳ አምሮ ድምፅዋ ግን ጆሮ የሚሰነጥቅ አንዲት ኮከብ አለች፤ አንዲት ያልታወቀች ልጅ ከመጋረጃ በስተ ኋላ ቆማ ትዘፍንላታለች። በመጨረሻ መጋረጃው ይገለጥና ሕዝቡ እውነተኛዋን ዘፋኝ ያያል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ድምፅ አበዳሪዋን ሆና የተጫወተችው ዴቢ ሬይኖልድስ ራሷ ለዘፈን ድምፅ የተበደረችው ቤቲ ኖይስ ከምትባል ዘፋኝ ነው፤ የኖይስ ስም ደግሞ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም!

ከእርስዋ የባሰችው ማርኒ ኒክሰን ናት። በ1956 ለዲቦራ ካር፣ በ1961 ለናታሊ ዉድ፣ በ1964 ለኦድሪ ሄፕበርን የዘፈነችው እርስዋ ስትሆን ከሦስቱ ፊልሞች በአንዱም ስሟ አልተጻፈላትም። በ1965 «ዘ ሳውንድ ኦፍ ሙዚክ» ውስጥ ከመነኮሳቱ አንዷ ሆና ፊቷ ታየ። በሕንድም በ1949 «ማሃል» ሲወጣ የላታ ማንጌሽካር ዘፈን በሸክላ የታተመው በገጸ ባሕርይዋ ስም ነበር። እኛስ? ቃና ቴሌቪዥን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የቱርክን ድራማ በአማርኛ አሰምቶናል፤ የቱርኮቹን ፊት ሁላችን እናውቃለን፤ እዚህ በከተማችን አማርኛውን የተናገሩትን ልጆች በስም የሚቈጥር ግን ስንት ነው? ሰፈራችን ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሰው ሳይታይ ድምፁ በአየር ከሚመጣበት ከሽቦ አልባው ስልክ ነውና፣ ይህን ጥያቄ ማንሣት ለእኛ የተገባ ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ፊልም። «ሂሩት አባቷ ማን ነው» ከተሠራበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ፊልም ሠርተናል፤ በዘፈን የሚተርክ ግን እምብዛም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዘፈኑ የሚገባው ጥንዶቹ ሐይቅ ዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ ነው፤ አፋቸውን አይከፍቱም፣ የማናውቀው ሰው ከሰማይ ይዘፍንላቸዋል። ይህ በጣም ያናድደኛል! ሙዚቃ አጥተን አይደለም። በብሔራዊ ቴአትር፣ ገና በንጉሡ ስም ይጠራ በነበረበት ዘመን፣ ነርሲስ ናልባንዲያን ለመድረክ ሙዚቃ ይደርሱ ነበር። ዛሬም በማለዳ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ቁሙና ስሙ፤ ከታች «ቆራሌው» ይላል፣ «ልዋጭ» የምትለዋ ትቀበለዋለች፣ ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ በራሱ ምት ይገባል፣ ከላይ ደግሞ ምንጣፍ ትደበድባለች አንዷ። የሐምሌን ዝናብ ጨምሩበት። የሚጎድለው ካሜራና የሚደፍር ሰው ነው።

ለማኅበራችን ኮሚቴ ያለኝ ልመና አንድ የፊልም ምሽት ነው። በ1933ቱ ፊልም እንጀምር፤ ከሳሾቼ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጡ። «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» የሚታይበት ቀን ሲደርስ ግን መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ የማርኒ ኒክሰንን ስም ጮክ ብሎ ይጥራልን።